ጎሚስታ ቤት የዋልኩበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚኖረው የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። አስረኛ ክፍልን ጨርሷል። "ጋሼ፣ ክረምቱን ጎሚስታ ቤት ልውል ነበር፣ ጓደኞቼ ካዩኝ ግን..." አለና ዝም አለ። ይህን ያስጻፈችኝ ያቺ "ግን" ናት።

እኔም በ1979 ክረምት፣ ልክ በሱ ዕድሜ፣ እዚያው ድሬ ከደቻቱ ወንዝ ብዙ የማይርቅ ጎሚስታ ቤት ውዬአለሁ። ባለቤቱን ሁላችንም አባባ ነበር የምንላቸው። ሥራዬ የተነፈሰውን የውስጥ ላስቲክ አውጥቶ ግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ መንከር ነው። እየጨመቅኩ አዞረዋለሁ። አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ቀዳዳው ተገኘ ማለት ነው። ቦታውን በጣቴ ይዤ አወጣና አደርቀዋለሁ፣ እፍቀዋለሁ፣ ማስቲሽ እቀባለሁ፣ ከዚያ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልወድም፤ ስንቱን ቸኩዬ ለጥፌ ደንበኛው ከሰዓት ተመልሶ መጥቷል። አባባ ከኦሮሞው በኦሮምኛ፣ ከሱማሌው በሱማልኛ ይጨዋወታሉ። "ኮው፣ ለባ፣ ሰደሕ፣ አፈር" እያልኩ ብሎን መቁጠር የለመድኩት እዚያ ነው፤ ዛሬም ብሎን ሳይ በሱማልኛ ነው የምቆጥረው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት አንድ የቤት መኪና ገባ። ከኋላ የተቀመጠው የክፍሌ ልጅ ነው፣ በደረጃ የምንፎካከር። እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ነው። ሹልክ ብዬ ከአሮጌ ጎማ ክምር ጀርባ ተቀመጥኩ። አባባ "አንተ ልጅ፣ ክሪኩን አምጣ!" ሲሉ እሰማለሁ። ደግመው ተጣሩ። ከዚያ ዝም አሉ። በጎማዎቹ መሃል ሳያቸው፣ ያን የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው ተንበርክከው ክሪኩን ራሳቸው ከመኪናው ሥር ይገፋሉ። መኪናው ሲሄድ ወጣሁ። አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ሻይ አቀበሉኝ፣ በቃ። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ!

በማግስቱ ቀረሁ። ቅዳሜም አልሄድኩም። ቅዳሜ ሒሳብ የምንቀበልበት ቀን ነበር፤ አባባ የዋልንበትን ቀን ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጭረት ነበር የሚይዙት። 4 ጭረት ጥዬ ጠፋሁ።

ከዚያ ተማርኩ፣ ኦዲተር ሆንኩ፣ አዲስ አበባ ገባሁ። ድሬ ስመላለስ በዚያ መንገድ አላልፍም። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ዘመዶቼ ጋ ሁሉ ደውዬ ከጨረስኩ በኋላ ትዝ ያሉኝ አባባ ናቸው። ሄድኩ። ቦታው ላይ ስልክ ይሸጣል። "እሳቸው እኮ ከጎርፉ በፊት ነው ያረፉት" አሉኝ።

የዛሬ ልጆች ቲክቶክ ላይ በሰው ፊት ስትጨፍሩ ቅንጣት አታፍሩም፤ እጃችሁ ግሪስ ሲነካ ነው የምታፍሩት። ይህን ስል ደግሞ አምና ልጄ ካፌ ልሥራ ስትለኝ "ትምህርትሽ ይሻልሻል" ብዬ የከለከልኳት እኔው ነኝ። እስካሁን ታኮርፈኛለች፣ እውነቷን ነው።

ሰዓት አክብሩ ምናምን አልላችሁም፣ እሱን ቤታችሁ ጠግባችሁታል። የሥራ ነገር ከሆነ ግን አንድ ነገር ያዙ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። 18 እስኪሞላችሁ ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማንም ሊያሠራችሁ አይችልም። አሠሪው "ልምድ ነው" ብሎ ሒሳባችሁን ሊያስቀር ከሞከረም ዝም አትበሉ። እኔ ዝም ያልኩት የራሴን ጥፋት ይዤ ስለነበር ነው።

አንተ የእህቴ ልጅ፣ ሰኞ ጀምር። ሱቁ የቱ ጋ እንደሆነም ላክልኝ። ለነሐሴ ድሬ ነኝ፣ የመኪናዬ የኋላ ጎማ ደግሞ ቀስ እያለ ይተነፍሳል።