ባለ 20,000 ፓወር ባንክ ባለ 5,000 ስልክን ለምን አራት ጊዜ አይሞላም?

ወንድሜ፣ ከቢቸና «ስልኬ 5,000 ኤምኤኤች ነው፤ ሻጩ ባለ 20,000ው አራት ጊዜ ይሞላልሃል ብሎኝ ሦስት እንኳ አልሞላም፤ ተበላሁ ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ በዚህ ብቻ ተበልተሃል አይባልም። 20ን ለ5 አካፍሎ «አራት!» የሚል ሻጭ ደብረ ማርቆስም ሞልቷል።

1. ኤምኤኤች (ሚሊአምፒር-ሰዓት፤ 1,000ው አንድ አምፒር-ሰዓት ነው) ብቻውን ጉልበቱን አይነግርህም፤ በቮልት አባዛው። ፓወር ባንኩ ውስጥ ያለው ባትሪ 3.7 ቮልት ነው፤ 20 አምፒር-ሰዓት በ3.7 ሲባዛ 74 ዋት-ሰዓት፤ የጉልበቱ መለኪያ ይሄ ነው። የስልክህ 5 በ3.85 ሲባዛ 19 ከሩብ። ፓወር ባንኩ 3.7ቱን ወደ 5 ቮልት ያወጣዋል፣ ስልኩ መልሶ ያወርደዋል፤ በእያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የሚተርፍልህ ከ53 እስከ 60 ዋት-ሰዓት ነው። ስልኩ ተዘግቶ ሦስት ጊዜ ገደማ፣ እየነካካኸው ከሆነ 2.5 ቢሞላ ጤነኛ ነው። ጀርባው ላይ በደቃቁ «5 ቮልት» ከሚለው አጠገብ 12,000 ገደማ ተጽፎ ካየህ አትደንግጥ፤ እንዲያውም እውነቱን የጻፈ ፋብሪካ ነው።

2. ሁለት ጊዜ እንኳ ካልሞላ ግን መዝነው። ስኳር የሚመዝን ሱቅ ሁሉ ይበቃሃል። ጥሩ የሊቲየም ባትሪ በኪሎ 250 ዋት-ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ ለ74 ዋት-ሰዓት ባትሪው ብቻ 300 ግራም ይመጣል። ከነሽፋኑ ከ300 በታች ከሆነ 20,000 አይደለም። መዳፍ የምታክለዋ «50,000» ደግሞ ባትሪዋ ብቻ 740 ግራም መሆን ነበረበት! ሚዛን ላይ አላወጣም ብሎ የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠመህ ብርህን ይዘህ ውጣ።

3. ገመዱ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ባትሪ የሚያስቀይረው። ቀጭን ገመድ ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን ግማሽ ኦም ቢሆን፣ 2 አምፒር ሲያልፍበት 1 ቮልት ይበላል፤ ስልኩ ጋ የሚደርሰው 4 ቮልት ነው። ስልኩ ይህን ሲያይ አምፒሩን ይቀንሳል፤ «ቻርጅ ላይ ነው» ይላል፣ ሲነጋ ግን አልሞላም። ባትሪ ለማስቀየር ብር ከማውጣትህ በፊት በዚያው ቻርጀር ከ20 በመቶ ተነስተህ ለ30 ደቂቃ ሙላ፤ በሌላ አጭርና ወፍራም ገመድ ድገመው። ልዩነቱ እጥፍ ከሆነ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ባትሪ ቀያሪው ይህን ሳያይ ጀርባውን መክፈት ከጀመረ አስቁመው።

ከ80 በመቶ በኋላ የሚንቀራፈፈው ብልሽት አይደለም። ባትሪው የቮልት ጣሪያው ላይ ሲደርስ ቮልቱ ባለበት ይያዛል፣ አምፒሩ እየቀነሰ ይሄዳል። መብራት ለሁለት ሰዓት ብቻ ብልጭ በሚልበት ሰፈር 100ን መጠበቅ ኪሳራ ነው፤ አንዱን 80 ላይ ንቀልና የቤተሰቡን ሌላ ስልክ ሰካ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርድም መስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ ሰክተህ አትተወው፤ ከ45 ዲግሪ በላይ አብዛኛው ስልክ ራሱ መሙላት ያቆማል፣ ሙቀቱ ግን ባትሪውን ያስረጀዋል።

የስልኩ ጀርባ ከተነሳ ባትሪው ውስጥ ጋዝ ሞልቷል ማለት ነው። በመርፌ «እናስተንፍሰው» የሚልህን አትስማ፣ ይቀጣጠላል። ቻርጅ አታድርገው፣ ይቀየር።

ግራሙን መዝነህ እዚሁ ጻፍልን።