«ቆይተው ይሞክሩ» ከማለታችሁ በፊት

ሶፍትዌር መሥራት ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

በሥራ ዘመኔ ከጻፍኩት ኮድ አብዛኛው ዛሬ የለም፤ ተሽሯል፣ ተተክቷል። እስካሁን የሚቆጨኝ ግን ኮድ ሳይሆን አንዲት መልእክት ናት፦ «ስህተት ተፈጥሯል፤ እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ»። ክፍያ በሚቀበል አፕ ላይ ያስገባኋት እኔ ነኝ። በጊዜው ሁለት ደቂቃ እንኳ አላሰብኩባትም።

አንድ ቀን ዳታቤዙ፣ ማለትም የክፍያዎቹ መረጃ የሚቀመጥበት ሲስተም፣ ተጨናነቀና መልስ ለመስጠት ግማሽ ደቂቃ ይፈጅበት ጀመር። አፑ ከ10 ሰከንድ በላይ እንዳይጠብቅ ያዘዝኩት ደግሞ እኔው ነበርኩ። እናም አፑ በ10ኛው ሰከንድ ተስፋ ይቆርጥና ያቺን መልእክት ያሳያል። ከጀርባ ሆኖ ጥያቄውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ግን ሥራውን አልተወም፤ ዘግይቶም ቢሆን ክፍያውን ይፈጽማል። ሰዎች «ይሞክሩ» ተባሉ፤ ሞከሩ። በማግስቱ መዝገቡን ስከፍት አንዲት ደንበኛ ለአንድ ዕቃ 4 ጊዜ ከፍላለች። የእያንዳንዱ ሙከራ ሰዓት ተመዝግቧል፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል 14 ሰከንድ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል 20 ሰከንድ፣ ከአራተኛው በፊት ግን 6 ደቂቃ። በዚያ 6 ደቂቃ ውስጥ ሴትዮዋ ምን እያሰበች እንደነበር ዛሬም እገምታለሁ። ቆይታ እንድትሞክር ነግረናታል፤ ቆይታ ሞከረች።

መልእክቷን ደጋግሜ አየኋት። «ስህተት ተፈጥሯል» ትላለች፤ ክፍያው ግን ተሳክቷል። «ይሞክሩ» ትላለች፤ ደንበኛዋ ማድረግ የሌለባት ደግሞ ይህንኑ ነበር። በዚያ ላይ አማርኛችን ለመሸሸግ ይመቻል፤ «ተፈጥሯል»፣ «ተቋርጧል»፣ «ተስተጓጉሏል» ስንል አድራጊው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። «አልቻልንም» ብላችሁ ጻፉ። አጠር ያለ ነው፤ እውነትም ነው።

አገልግሎት ሲቆም ተጠቃሚው የሚያስጨንቀው የእናንተ ሰርቨር አይደለም። ገንዘቤ ሄደ ወይ? የጻፍኩት ጠፋ ወይ? አሁን ልጠብቅ ወይስ ልተወው? ይህን የማይመልስ ማሳወቂያ ቀለሙ ቢያምር ጥቅም የለውም። የእኔ መልእክት እንዲህ መሆን ነበረበት፦ «ክፍያዎ መፈጸሙን ገና አላረጋገጥንም። እባክዎ እንደገና አይክፈሉ። ውጤቱን እዚሁ ገጽ ላይ እናሳውቅዎታለን።» ይህን ለመጻፍ ግን ከጀርባው የሚሸከመው ሥራ ያስፈልጋል። አፑ ለእያንዳንዱ ክፍያ የራሱ መለያ ቁጥር ይስጠው፤ ያው ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ ሰርቨሩ የመጀመሪያውን ውጤት ይንገር እንጂ እንደ አዲስ አያስከፍል። ያለዚህ «አይክፈሉ» ማለት ልመና ብቻ ነው።

ጨርሶ ከመቆም ይልቅ መዘግየትን ማሳወቅ ይከብዳል። የቆመ ነገር ለሁሉም ይታያል፤ የዘገየ ነገር ግን እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ያደክመዋል። የሶፍትዌር አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ያስቀመጣቸው ሦስት ወሰኖች እስካሁን ይሠራሉ፤ 0.1 ሰከንድ ሲሆን ሰው ወዲያው እንደተመለሰለት ይሰማዋል፣ እስከ 1 ሰከንድ ሐሳቡ አይቆረጥም፣ ከ10 ሰከንድ በኋላ ግን ልቡ ወደ ሌላ ይሄዳል። ብዙዎቻችን ለዚህ የምናስቀምጠው መልስ የምትሽከረከር ክብ ናት። እሷ ደግሞ ሰርቨሩ ቢሞትም መሽከርከሯን አትተውም። ተጠቃሚው እየተሠራለት ይሁን ተረስቶ ይሁን ከእሷ ማወቅ አይችልም። አሥር ሰከንድ ካለፈ ቃል ይውጣችሁ፦ «ከወትሮው እየዘገየን ነው፤ የጻፉት አልጠፋም»።

መዘግየቱን ራሳችሁም ላታዩት ትችላላችሁ። ከ100 ጥያቄዎች 99ኙ በ0.2 ሰከንድ ቢመለሱና አንዱ 20 ሰከንድ ቢፈጅ፣ አማካዩ 0.4 ሰከንድ ገደማ ነው። የሲስተሙን ጤና የምትከታተሉበት ዳሽቦርድ አረንጓዴ ይሆናል፤ ያ አንዱ ሰው ግን አፑን ዘግቶ ሄዷል። አማካይን አትመኑ፤ ወደ ኋላ የቀሩትን ቁጠሩ።

ስለ አገልግሎት ሁኔታ ገጽ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የአማዞን ኤስ-3 የተባለው የፋይል ማከማቻ ለሰዓታት ተስተጓጎለ። መነሻው የሒሳብ መጠየቂያው ሲስተም መዘግየት ነበር፤ ያንን ሲመረምር የነበረ ሠራተኛ ጥቂት ሰርቨሮችን ለማውጣት የሰጠው ትእዛዝ ላይ አንድ ግቤት ተሳስቶ፣ ከታሰበው በላይ ብዙ ሰርቨሮች ወጡ። የአገልግሎቱን ሁኔታ የሚያሳየውን ገጽ ማስተካከያ ራሱ በኤስ-3 ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ ለተወሰነ ጊዜ ገጹን ማደስ አልተቻለም፤ ኩባንያው በትዊተር ማሳወቅ ግድ ሆነበት። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለ6 ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ሲጠፋም የራሱ ሠራተኞች የሚገለገሉባቸው የውስጥ መሣሪያዎች አብረው ወድቀው ነበር። ማንቂያ ደወሉን ከሚቃጠለው ቤት ውስጥ አትስቀሉ። የሁኔታ ገጻችሁ ሌላ አቅራቢ ዘንድ፣ በሌላ ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ) ይቀመጥ፤ ገጹን የምታድሱበት የይለፍ ቃልም ከወደቀው ሲስተም ጋር አብሮ የሚቆለፍ አይሁን። (የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።)

ማሽኖችም ለማሽኖች ማሳወቅ አለባቸው። ሰርቨሩ ሲጨናነቅ 503 («አሁን ማስተናገድ አልችልም» የሚል የስህተት ቁጥር) ብሎ፣ ከስንት ሰከንድ በኋላ መመለስ እንደሚሻል ጨምሮ ይንገር። አፑም 1፣ 2፣ 4፣ 8 ሰከንድ እየጠበቀ፣ በመሐሉ በዘፈቀደ የተመረጠ ጥቂት ጊዜ ጨምሮ ይሞክር፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ከተመለሱ ሊነሣ የሞከረውን መልሰው ይጥሉታል።

«መቼ ይስተካከላል?» ተብላችሁ ስትጠየቁ አትቸኩሉ። በኦክቶበር 2018 ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ የ43 ሰከንድ የኔትወርክ መቋረጥ ያስከተለው መዛባት 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ወስዷል፤ የተጠቃሚውን ዳታ ላለማበላሸት ሲሉ ዝግታውን መረጡ። የጥገናውን ሰዓት የማታውቁ ከሆነ ቀጥሎ የምትናገሩበትን ሰዓት ንገሩ፦ «አዲስ ነገር ቢኖርም ባይኖርም ከ30 ደቂቃ በኋላ እንጽፋለን»። ከዚያም ባዶ እጃችሁን ብትሆኑ እንኳ በ30ኛው ደቂቃ ጻፉ። ሌላው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ጊትላብ በጃንዋሪ 2017 መጨረሻ ዳታቤዙ በስህተት ሲሰረዝበት የጥገና ማስታወሻውን ለሁሉም ከፍቶ፣ ሥራውን በዩቲዩብ በቀጥታ አሳይቶ፣ የ6 ሰዓት ያህል ዳታ እንደጠፋና የኮድ ማከማቻዎቹ ግን እንዳልተነኩ ተናግሯል። ለመናገር የሚያሳፍር ነገር ነበር፤ ተጠቃሚው ግን የእሱ ነገር የቱ ጋ እንዳለ አወቀ።

እነዚህን መልእክቶች ጭንቀት ሳይመጣ ጻፏቸው። ሲስተሙ ወድቆ ስልክ ሲጮህ ጥሩ አማርኛ የሚወጣው ሰው አላየሁም።

ለሴትዮዋ 3ቱን ክፍያዎች መለስንላት፤ ደብዳቤውንም እኔው ጻፍኩ። አሁን አዲስ ልጅ ወደ ቡድናችን ሲመጣ ስሟን ሸፍኜ ያንን መዝገብ አሳየዋለሁ፤ 14 ሰከንድ፣ 20 ሰከንድ፣ 6 ደቂቃ። «ከሁለተኛው ሙከራዋ በፊት ምን ትላት ነበር?» ብዬ ወረቀት እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ ስለ ዳታቤዙ መጨናነቅ ይጽፋል። አነብና ወረቀቱን እመልስለታለሁ፤ እንደገና ይጽፋል።