ንግድን በማኅበራዊ ሚዲያ ማስተዋወቅ ለሚጀምሩ፦ ጥያቄና መልስ

የሌሎችን የንግድ ገጾች ሳስተዳድርና ማስታወቂያ ሳዘጋጅ ከተማርኩት በመነሳት፣ ገና በመጀመር ላይ ያላችሁ ላቀረባችኋቸው ጥያቄዎች መልስ ሰጥቻለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አጣምሬአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የእንጨት ሥራ ድርጅት አለኝ። በፌስቡክ፣ በኢንስታግራም፣ በቲክቶክ፣ በቴሌግራምና በሊንክዲን በአንድ ጊዜ ልክፈት ወይስ ከአንዱ ልጀምር?

መልስ፦ ከአንዱ ይጀምሩ። አምስቱም የየራሳቸው ጠባይ ስላላቸው፣ ብቻውን የሚሠራ ሰው ሁሉንም ልያዝ ሲል ብዙም ሳይቆይ አምስቱም ገጾች ባዶ ይሆናሉ። የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን የእኔን ግምት ከመከተል ይልቅ፣ በቅርቡ ከእርስዎ የገዙ አሥር ሰዎችን ስልካቸው ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳልፉት የት እንደሆነ ይጠይቋቸው። ሥራዎ በዓይን ታይቶ የሚወደድ በመሆኑ ኢንስታግራም ወይም ቲክቶክ ሊስማማው ይችላል፤ ደንበኞችዎ መሥሪያ ቤቶችና ሆቴሎች ከሆኑ ግን፣ ግዢ የሚወስኑ ኃላፊዎች በሙያቸው የሚገናኙበት ሊንክዲን ሊበልጥ ይችላል። በቀሩት ላይ ስምዎን ሌላ ሰው እንዳይወስድብዎት ብቻ አስመዝግበው ይተዉት።

ጥያቄ፦ በግል የፌስቡክ አካውንቴ ከሦስት ሺህ በላይ ጓደኞች አሉኝ። እዚያው ብሸጥ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ የግል አካውንት ከ5,000 በላይ ጓደኛ አይቀበልም፤ በዋናነት ለንግድ መጠቀሚያ ማድረጉም ከፌስቡክ ደንብ ጋር ስለሚጋጭ፣ አካውንትዎ ሊዘጋ ይችላል። ለንግድ የተዘጋጀው ገጽ ግን ስንት ሰው እንዳየው ያሳይዎታል፣ ማስታወቂያ ያስወጣዎታል፣ ከአንድ በላይ አስተዳዳሪም ይይዛል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ገጹን በአንድ ሠራተኛ ስልክ አስከፍቶ፣ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ለዓመታት ያፈራቸውን ተከታዮች ያጣ ነጋዴ አውቃለሁ። ስለዚህ ዋናው ባለቤትነት በእርስዎ ስም ይሁን፣ ሁለተኛ የሚያምኑት አስተዳዳሪ ይሹሙ፣ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ኮድ የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ዛሬውኑ ያብሩ።

ጥያቄ፦ የምለጥፈው ነገር አለቀብኝ። የምርቴን ፎቶ ብቻ ደጋግሜ ሳወጣ ደግሞ ሰው ማየት አቆመ።

መልስ፦ ደንበኞች በአካልም ሆነ በስልክ የሚጠይቁዎትን ለአንድ ሳምንት በማስታወሻ ደብተር ይመዝግቡ። «ስንት ቀን ይፈጃል?»፣ «ከታጠበ ይለቃል?»፣ «ለጠባብ ክፍል የሚሆን አላችሁ?» የሚሉት ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው አንድ ልጥፍ ናቸው፤ አንድ ሰው አፍ አውጥቶ የጠየቀውን ሌሎች ብዙዎች በልባቸው ይዘውት እንዳለፉ ይገምቱ። ሥራው ከጥሬ ዕቃው ተነስቶ እስኪያልቅ ያለውን ሂደት ማሳየትም፣ ያለቀውን ዕቃ ከማሳየት ያላነሰ እምነት ያስገኛል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ቅሬታዬን ልግለጽ። «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚለው ልማድ ነጋዴው የሚያስበውን ያህል አይጠቅመውም። ዋጋው ያልተጻፈበትን ዕቃ ያየ ሰው፣ ወይ ውድ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ወይ ደግሞ ለመግዛት ሳያስብ ይጠይቅና የእርስዎን ጊዜ ይወስዳል። ዋጋው እንደ ትዕዛዙ የሚለያይ ከሆነ ቢያንስ መነሻውን ይጻፉ። ተወዳዳሪዎቼ ያዩብኛል የሚለው ሥጋት ብዙ አያስኬድም፤ እነሱም እንደ ደንበኛ ሆነው መጠየቅ ይችላሉና።

ቪዲዮ ሲቀርጹ ስልኩን አቁመው ይያዙ፤ ለሪልስ (ለኢንስታግራምና ለፌስቡክ አጫጭር ቪዲዮዎች) እና ለቲክቶክ የሚስማማው ልክ 1080 በ1920 ፒክስል ነው። ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ስለሚመለከት፣ ዋናውን ሐሳብ በጽሑፍ ምስሉ ላይ ያስቀምጡ፤ ሰላምታውንና የድርጅቱን ዓርማ ትተው ከዋናው ነገር ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ጊዜ ልለጥፍ?

መልስ፦ በቀን አይደለም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ለስድስት ወር ሳያቋርጡ ሊዘልቁበት የሚችሉትን ያህል።

ጥያቄ፦ አሥር ሺህ ተከታይ በርካሽ እንሸጣለን የሚሉ አሉ። ለመነሻ ብገዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2016 ልጥፎችን በወጡበት ጊዜ ቅደም ተከተል ብቻ ማሳየቱን ትቶ፣ ሰዎች ይወዱታል ብሎ የገመተውን ማስቀደም ጀመረ፤ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ሊንክዲንም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራሉ። ለልጥፍዎ ምላሽ የማይሰጡ አሥር ሺህ ሐሰተኛ አካውንቶች ሲኖሩ፣ ሥርዓቱ ይዘትዎን የማይፈለግ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ እውነተኛ ደንበኞችዎም ሳያዩት ይቀራሉ። ወደፊት ማስታወቂያ አውጥተው ተከታዮችዎን የሚመስሉ ሰዎች ይፈለጉልኝ ቢሉም፣ መነሻው ሐሰተኛ ስለሆነ የሚያገኙትም እንደዚያው ይሆናል።

ጥያቄ፦ አንድ ልጥፍ ቡስት አድርጌ (ከፍዬ ለብዙ ሰው እንዲታይ አድርጌ) ብዙ ላይክ መጣልኝ፤ የገዛ ግን የለም። ተታልያለሁ?

መልስ፦ አልተታለሉም፤ የጠየቁትን ነው ያገኙት። የማስታወቂያው ሥርዓት በመረጡት ዓላማ መሠረት ሰው ስለሚፈልግ፣ ተሳትፎ እንዲበዛ ካዘዙት ላይክ ማድረግ ለሚወዱ ሰዎች ያሳያል፤ እነዚህ ደግሞ የግድ ገዢዎች አይደሉም። በሚቀጥለው ጊዜ መልእክት እንዲልኩልዎ ወይም እንዲደውሉልዎ የሚያደርገውን ዓላማ ይምረጡ፣ ዕቃውን ማድረስ የሚችሉበትን አካባቢም ይወስኑ።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ላይክ ቆጥረው አይሥሩት። ለምሳሌ 1,200 ከፍለው 60 ሰዎች መልእክት ቢልኩና 6ቱ ቢገዙ፣ አንድ ገዢ ለማግኘት 200 አውጥተዋል ማለት ነው። ከአንድ ዕቃ የሚያተርፉት 500 ከሆነ ይቀጥሉ፤ 150 ከሆነ ያቁሙ። ስልሳ ሰው ጠይቆ አንድም ካልገዛ ግን፣ ማስታወቂያውን ከመቀየር በፊት ለጥያቄዎቹ ምን እንደመለሱና ስንት ሰዓት ቆይተው እንደመለሱ ይመልከቱ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ያልረካ ደንበኛ በአስተያየት መስጫው ላይ ክፉ ነገር ጻፈብኝ። ላጥፋው?

መልስ፦ ስድብና የማጭበርበሪያ ሊንክ ካልሆነ አያጥፉት። ሌሎች ሰዎች ቅሬታውን ብቻ ሳይሆን የእርስዎንም ምላሽ ያነባሉ። በአደባባይ በአጭሩ ይቅርታ ጠይቀው፣ ዝርዝሩን በውስጥ መልእክት ጨርሰው፣ ችግሩ ሲፈታ እዚያው ተመልሰው ይግለጹ።

ጥያቄ፦ ገጼ ጥሩ እየሄደልኝ ነው። ድረ ገጽና የደንበኞች ዝርዝር አሁንም ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ዝርዝሩ ያስፈልግዎታል፤ ድረ ገጹ ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትሳፕ በአንድነት ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋርጠው፣ በእነሱ ብቻ የሚሸጡ ነጋዴዎች ከደንበኞቻቸው ጋር የሚገናኙበት መንገድ አልነበራቸውም። የጉግል ማኅበራዊ ሚዲያ የነበረው ጉግል ፕላስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ለግል ተጠቃሚዎች ጨርሶ ተዘግቷል። ገጹ የኪራይ ቤት ነው፤ አከራዩ ደንቡን ሲለውጥ አያማክርዎትም። ስለሆነም ከገዛ ደንበኛ ሁሉ፣ ፈቃዱን ጠይቀው፣ ስልኩን ወይም ኢሜይሉን ይመዝግቡ።

ጥያቄ፦ ውጤቱን መቼ ነው የማየው?

መልስ፦ በዚህ ቀን ብዬ ቃል ልሰጥዎት አልችልም፤ እንደ ዕቃው ዓይነትና እንደ ዋጋው ይለያያል። ከዛሬ ጀምሮ ግን እያንዳንዱን ገዢ «እንዴት አገኙን?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ከቀኑ ጋር ይጻፉ። በሦስተኛው ወር ደብተሩን ሲገልጡ፣ ሰው ያመጣልዎት የትኛው ልጥፍ እንደሆነ ያገኙታል፤ ምናልባትም በጣም የደከሙበት ላይሆን ይችላል።