ደመና ከዋጣት በኋላ የመጣው ድምፅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ። በዚህ አምድ ስለ ሮኬት በጻፉ ቁጥር «በዓይኔ አይቻለሁ» ይላሉ፤ ምን እንዳዩ ግን አንድም ቀን አላጫወቱንም። እኔ በሚቀጥለው ወር ለሥራ ፍሎሪዳ እሄዳለሁ፤ ሁለት ትርፍ ቀን አለኝ። ሮኬት ሲወነጨፍ ለማየት ብዬ ያን ሁሉ መንገድ መንዳቱ ያዋጣል ወይስ ቴሌቪዥኑ ይበቃኛል? ጥሩ አቅራቢ መነጽርስ ልግዛ? (ሰ. መ.)

መልስ፦ ይዘውኛል። «በዓይኔ አይቻለሁ» የምለው ትንሽ ጉራ ስላለበት ነው ዝርዝሩን የምዘለው። እውነቱን ልንገርዎት፤ ካየሁት የሰማሁት ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2011 የናሳ የጠፈር ማመላለሻ መንኮራኩር አትላንቲስ ለመጨረሻ ጊዜ ስትነሳ ቲተስቪል ከተማ፣ ኢንዲያን ሪቨር ዳር ቆሜ ነበር። የአትላንቲስ ብቻ ሳይሆን የማመላለሻ መንኮራኩሮቹ ሁሉ የመጨረሻ በረራ ነበር፤ 135ኛው። ማስወንጨፊያው፣ 39ኤ የሚሉት፣ ከውሃው ማዶ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የአየር ትንበያ ሰዎቹ የመነሳት ዕድሏ 30 በመቶ ነው ብለው ስለነበር አጠገቤ የተሰበሰበው ሰው ግማሹ ሰማዩን፣ ግማሹ ሰዓቱን እያየ ይነጫነጫል። ከጎኔ ተጣጣፊ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ትንሽ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ቆጠራውን ለሁላችንም ያስተላልፋሉ። ሠላሳ አንድ ሰከንድ ሲቀር እጃቸውን ከፍ አድርገው «ቆመ» አሉ። ከነዳጅ ታንኩ አናት ላይ የሚነሳው የማስወንጨፊያው ክንድ በደንብ ወደ ኋላ መታጠፉን በካሜራ ማረጋገጥ ነበረባቸው፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው የሽማግሌው እጅ አለመውረዱን ብቻ ነበር። ሁለት ደቂቃ ከምናምን እንዲሁ ቆየ። ከዚያ ወረደ።

ከረፋዱ 5፡29 ላይ ከውሃው ማዶ ብርሃን ፈነዳ። ፎቶ ላይ ብርቱካናማ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ በቀጥታ ሲያዩት ግን እንደ ብየዳ ዓይን ይወጋል። ነጭ ጭስ ግራና ቀኝ ተንጣለለ፤ መንኮራኩሯ ከመሐሉ ብድግ አለች። ድምፅ ግን የለም! አንድም ድምፅ። የሚሰማው የሰው ጩኸት ብቻ ነው። ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ደመናው ውስጥ ገባች፤ ደመናው ከውስጥ ቦግ አለና ጨለመ። አለቀ። ሰዉ ማጨብጨብ ጀመረ፤ እኔም ካሜራዬን ወደ ቦርሳው ልመልስ ጎንበስ አልኩ።

ድምፁ የመጣው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ ሳይሆን በእጄ ነው፤ የያዝኩት ግማሽ የቀረ የውሃ ጠርሙስ ይነዝራል፣ ውሃው ላይ ትንንሽ ክብ ሞገድ ይሠራል። ቀጥሎ የሚያጉረመርም ነገር፣ ከዚያ ትልቅ ሸራ በሁለት ሰው እጅ ሲቀደድ ዓይነት መንጣጣት። ኋላ የቆሙ የሁለት ወይም የሦስት መኪኖች ማንቂያ አብሮ ጮኸ። ሁላችንም ቀና ብለን ባዶውን ደመና እናያለን።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 20 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል። እኔ የመነሻዋን ጩኸት ስሰማ እሷ ከድምፅ ፍጥነት በልጣ ሄዳለች። ቴሌቪዥኑ የሚነፍግዎት ይህንን ነው። ምስሉን ከእኔ በአሥር እጥፍ አጥርቶ ያሳይዎታል፤ ማይክሮፎኑ ግን የተተከለው ማስወንጨፊያው አጠገብ ስለሆነ ብርሃኑና ድምፁ አንድ ላይ ይመጡልዎታል። መሐል ላይ ያለችው ያቺ ጸጥ ያለች ደቂቃ የለችም። ሲሄዱ ብርሃኑን ካዩበት ቅጽበት ጀምረው ሰከንድ ይቁጠሩ፤ ድምፁ ሲደርስ ለሦስት ያካፍሉት፤ ምን ያህል ኪሎ ሜትር ርቀው እንደቆሙ ያገኙታል። ለመብረቅም ይሠራል።

የመመለሷ ነገር ደግሞ ይብሳል። ጁላይ 21 ያንኑ ወንዝ ዳር በሌሊት ሄድኩ፤ አብሮኝ የመጣው ወዳጄ እስከዛሬ ይቀልድብኛል። ማመላለሻ መንኮራኩር ስትመለስ በሞተር አትበርም፤ ተንሸራታ ነው የምትወርደው፤ ያውም የመንገደኛ አውሮፕላን ወደ 3 ዲግሪ በሚያዘነብልበት እሷ ወደ 20 ዲግሪ ታዘነብላለች። ማኮብኮቢያውን ብትስት ዞራ የመሞከር ዕድል የላትም። ይህን ሁሉ ለወዳጄ በኩራት አስረዳሁት። ጨለማ ነው፤ ወንዙ እንኳ አይታይም። ሊነጋጋ ሲል ዱም፣ ዱም! ሁለት ጊዜ፣ በር በኃይል እንደሚዘጋ። መኪና ውስጥ የነበረ ውሻ አበደ። አንዱ ከአፍንጫዋ ሌላው ከጅራቷ የሚነሳ የአየር ግፊት ማዕበል ነው፤ ከድምፅ የፈጠነ ነገር አየሩን ሲሰነጥቅ የሚተወው። ወዳጄ «አሁን ልትመጣ ነው?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ የአንዱ መኪና ሬዲዮ ከሌሊቱ 11፡57 ላይ ማረፏን ተናገረ። እንዲህ ሆኖ የ30 ዓመቱን የማመላለሻ ዘመን መዝጊያ ምንም ሳላይ ታደምኩ።

አቅራቢ መነጽሩን እንግዲህ እርስዎ ይወስኑ። እኔ ብሆን የምይዘው ለመውጫው ሳይሆን ተመልሶ ለሚያርፈው ነው። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2018 ፋልከን ሄቪ የተባለው የስፔስኤክስ ኩባንያ ሮኬት ሁለት አጋዥ ሮኬቶች ኬፕ ካናቬራል ላይ ጎን ለጎን ሲያርፉ ከባሕሩ ዳር በመነጽር አየኋቸው፤ እግራቸውን ዘርግተው፣ እሳታቸውን ወደ ታች እየተፉ፣ ያለ ድምፅ። ካረፉ በኋላ ነው ፍንዳታው ተከታትሎ የደረሰው። እየጨፈረ የነበረው ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ፤ እኔም ጭምር። ዛሬም ወደ የብስ የሚመለስ ሮኬት ካገኙ እሱን ይምረጡ። አብዛኞቹ ግን የሚያርፉት ባሕር ላይ በቆመ መርከብ ነውና አስቀድመው ይጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ልደብቅዎ አልችልም፤ ሁለት ቀን ትንሽ ነው። በ2022 ለአርቴሚስ 1፣ ናሳ ወደ ጨረቃ ለላከው ሰው አልባ የሙከራ በረራ ብዬ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ኦገስት 29፣ አንደኛው ሞተር በሚገባ መቀዝቀዙን መሣሪያው አላሳይ ስላለ ተሰረዘ። ሴፕቴምበር 3፣ ሃይድሮጅን አፈሰሰ። ሃይድሮጅን ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ከዜሮ በታች በ253 ዲግሪ ነው፤ በዚያ ቅዝቃዜ ብረቱም ማሸጊያውም ይኮማተራል፤ ሞለኪውሉ ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ስለሆነ በተገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይሾልካል። ይህን አውቃለሁ፤ ንዴቴን ግን አልቀነሰልኝም። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት የቀረውን ቀን ገንዘብ አልመልስም አለኝ፤ ተጨቃጭቀን ተለያየን። ሮኬቱ የተነሳው ኖቬምበር 16 ከሌሊቱ 7፡47 ነው። እስከዚያ ቀን ወደ ምህዋር ከወጡት ሁሉ ኃይለኛው ሮኬት ነበር። እኔ ያየሁት አልጋዬ ላይ፣ በስልክ፣ ሰው እንዳልቀሰቅስ ድምፁን አጥፍቼ ነው።

ስለዚህ ይሂዱ፤ ሥራዎንም ከጉዞው መጀመሪያ ላይ ይጨርሱት፣ ትርፍ ቀኖቹን ወደ መጨረሻ ይግፉ። የስፔስኤክስ ሌላው ሮኬት ፋልከን 9 በአሁኑ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስለሚነሳ ዕድልዎ ከእኔ ይሻላል። ሲመለሱ መንገዱ ለሰዓታት ይዘጋጋል፤ ውሃ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ 12 ዓመቴ ነው። ፐርሲቪራንስ የምትባለው የናሳ ተሽከርካሪ ሮቦት ማርስ ላይ ስታርፍ የሚያሳየውን ቪዲዮ አየሁ። ሰዎቹ ዘለው ያጨበጭባሉ። አባቴ ግን «እነሱ ሲያጨበጭቡ እሷ ካረፈች ቆይታለች» አለኝ። ታዲያ ለምን ያጨበጭባሉ? (ያ.)

መልስ፦ አባትህ ልክ ነው። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2021 ማርስ በጣም ርቃ ስለነበር የሬዲዮ መልእክት ከዚያ እዚህ ለመድረስ 11 ደቂቃ ገደማ ይወስድበት ነበር። ከማርስ አየር ጫፍ እስከ መሬቱ ያለው መውረድ ግን 7 ደቂቃ ብቻ ነው። «አየሩ ውስጥ ገባሁ» የሚለው መልእክት እዚህ ሲደርስ እሷ ወይ አርፋ 4 ደቂቃ ያህል ቆይታለች፣ ወይ ተከስክሳለች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች የትኛው እንደሆነ አያውቁም፤ ሊረዷትም አይችሉም። ያ ሁሉ ጭብጨባ ለደብዳቤው ነው በለው፤ ዓመታት ሠርተው የላኩት ልጅ በሰላም ገባሁ ብሎ የጻፈው።

ደብዳቤው የማይመጣበትም ጊዜ አለ። በሴፕቴምበር 2019 የሕንድ መንኮራኩር ቻንድራያን 2 ጨረቃ ላይ ሊያርፍ ሲሞክር በቀጥታ ሥርጭት እከታተል ነበር። ስክሪኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ በተሠመረላት መንገድ ትወርዳለች። ድንገት ቆመች። ማንም አልተናገረም፤ ሰዎቹ ስክሪኑን ያያሉ፣ እኔ ሰዎቹን አያለሁ። ጨረቃ ቅርብ ናት፤ መልእክት የሚዘገየው አንድ ሰከንድ ከምናምን ነው፤ ስለዚህ «ይደርስ ይሆናል» ማለት እንኳ አይቻልም። በመጨረሻ ኃላፊው ተነሥተው ጉዞው እስከ 2.1 ኪሎ ሜትር ከፍታ ድረስ ደህና እንደነበር፣ ከዚያ ግንኙነቱ እንደተቋረጠ ተናገሩ።

ኦገስት 23 ቀን 2023 ቻንድራያን 3 ተራው ደርሶ ሲወርድ እንደገና ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ ነበር። ሌላውን ቁጥር ሁሉ ትቼ ከፍታውን ብቻ እከተላለሁ። ከ2.1 በታች ሲሆን ብቻዬን ሳሎን ውስጥ አጨበጨብኩ። ገና አላረፈም ነበር።