ኢዜታ ልግዛ ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ «ብሬሻ አካባቢ በፈረንጆቹ የ1954 ኢዞ ኢዜታ የምትባል አንዲት ትንሽ የድሮ መኪና አግኝቻለሁ፣ ሞተሯ ቆሟል፣ ዕቃው ጀርመን በሽ ነው አሉኝ፣ ልግዛት?» ብለሃል። ሳነበው ሆዴን ቆረጠኝ። እኔም እዚህ ሚላን በኔዋ ኢዜታ የከሰርኩት ይቺን «ዕቃው ጀርመን በሽ ነው» የምትል ወሬ ሰምቼ ነው።

1ኛ፦ አምስት ሳንቲም ከማውጣትህ በፊት የማን ኢዜታ እንደሆነች እወቅ። ሰው ሁሉ የቢኤምደብሊው መኪና ትመስለዋለች። የተወለደችው ግን እዚሁ ሚላን ጥግ፣ ብሬሶ ነው። ፍሪጅና ስኩተር ይሠራ የነበረው የሬንዞ ሪቮልታ ፋብሪካ ኢዞ ነው በ1953 ቶሪኖ ላይ ያሳያት። ቢኤምደብሊው ፈቃዱን ገዝቶ በ1955 የራሱን ሲያወጣ ከውጭ ያው እንቁላል ናት፤ ሆዷ ግን ሌላ ነው። የኛዋ 236 ሲሲ ቱ ስትሮክ፣ ሁለት ፒስተን በአንድ ማቃጠያ፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎላት የምትጠጣ። የነሱ ከሞተር ሳይክላቸው የመጣ ፎር ስትሮክ፣ ባለ አንድ ፒስተን።

ይህን ያወቅኩት ከጀርመን ያስመጣሁትን የቢኤምደብሊው ዕቃ ካርቶን ከከፈትኩ በኋላ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ፊያት ሰይቼንቶ ታክሲ ነድቶ ነው ያሳደገን። ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ ቁልፍ ሳቀብል አድጌ፣ ትንሽ የጣሊያን መኪና ትበልጠኛለች? ማንንም ሳልጠይቅ ፒስተን፣ ፍሪሲዮን፣ የፍሬን ዕቃ፣ የበር ማጠፊያ ሳይቀር አዘዝኩ። 1,900 ዩሮ። ፒስተኑን ሲሊንደሩ አፍ ላይ ሳስጠጋው ሲኒ ውስጥ ብርጭቆ እንደመክተት ሆነ። ሰፈሬ ያለ ጡረተኛ መካኒክ አይቶ መሳቅ ብቻ አልበቃው፣ ሚስቱን ጠርቶ አሳያት። ሻጩ «የሻሲ ቁጥር ጠይቄህ ነበር» ብሎ ገንዘቡን አልመልስም አለ። እውነቱን ነው፣ ጠይቆኝ ነበር። ግን እንደዚያ በንቀት መጻፍ ነበረበት?

2ኛ፦ ወረቀቷ። የኔዋ ግብሯ ለዓመታት ሳይከፈል ቀርቶ ከመዝገብ ተሰርዛ ነበር። ለመመለስ ስንት ቀን እንደተመላለስኩ አትጠይቀኝ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ፎቶውን አገላብጣ «በሩ የታለ?» አለችኝ። ከፊት ነው ስላት እንደ ሰካራም አየችኝና «ነገ ተመለስ»። ጣሊያኗ እሷ፣ የአገሯን መኪና የማስረዳት እኔ! ሊብሬቶዋ ከሌለ ዋጋውን በግማሽ አስቀንስ፣ ካልሆነ ተወው።

3ኛ፦ ፊቷን ወደ ግድግዳ አታቁም። በሯ አንድ ነው፣ እሱም ፊቷ ራሱ። ስትከፍተው መሪውም አብሮ ይወጣል። አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ አፍንጫዋን ግድግዳ አስነክቼ አጠፋኋት። ልወጣ ስል በሩ አንድ ስንዝር ተከፍቶ ቆመ። በሪቨርስ ልመለስ ብል ሞተሩ እምቢ። የሸራ ጣሪያዋን ገፍቼ፣ በ50 ዓመቴ፣ ከነቦርጬ በላይ በኩል ወጣሁ። ጎረቤቴ ቡናውን ይዞ ቆሞ ያያል። «ቦንጆርኖ» አለኝ፣ እንደ ደህና ሰው።

አራተኛ ልል ነበር፣ ረሳሁት። የኋላ ጎማዎቿ መሀል ግማሽ ሜትር እንኳ ስለሌለ ዲፈረንሻል (መታጠፊያ ላይ ሁለቱ ጎማዎች በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዕቃ) የላትም፤ እዚያ ላይ ወጪ ቀርቶልሃል። ትክክለኛውን ዕቃ ከኖቬግሮ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ በአንድ ስለቅም ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አሁን ግን ርዝመቷ ሁለት ሜትር ከምናምን ነውና ሌላው ሰው ሦስት ጊዜ የሚዞርበት ቦታ ላይ አንዴ ገብቼ እቆማለሁ። ደካማ ናት የሚልህ ካለ፣ በ1954 ሚሌ ሚሊያ በሚባለው የመኪና ውድድር ከናንተው ብሬሻ ተነስታ ሮማ ደርሳ እንደተመለሰች ንገረው።

እስኪ ሞተሯን በደንብ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ቢኤምደብሊው ሆና ከተገኘች ደግሞ አልጋዬ ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ዕቃ አለኝ፣ ያልተነካ። በ1,500 እለቅልሃለሁ።