ጥያቄና መልስ፦ የጊታሬን ብሪጅ ልቀይረው?

ሰሞኑን ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከአካባቢው የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ብሪጅ ናቸው። ብሪጅ ማለት በክራርና በበገና ብርኩማ የምንለው ነው፤ ክሩ የሚያርፍበት። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ።

አጎቴ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው። የተሻለ ብሪጅ እንዲያመጣልኝ ልነግረው ነው። የቱን ልበለው? (ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)

መጀመሪያ ለካ። የነገርከኝ "ስትራት ዓይነት ነው፣ ጥቁር ነው" ብለህ ብቻ ነው። በዚህ ብሪጅ አይገዛም። (ስትራት ማለት ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የጊታር ዓይነት ነው።)

ብሪጁ በስንት ብሎን ነው የተያዘው፣ በ6 ወይስ በ2? ከመጀመሪያው ብሎን መሃል እስከ መጨረሻው ብሎን መሃል ስንት ሚሊሜትር ነው? ከ6ኛው ክር እስከ 1ኛው ክርስ? ካሊፐር ከሌለህ በጥሩ ማስመሪያ ለካው። በድሮው የፌንደር አሠራር ከክር ክር ያለው ስፋት 56.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በአዲሱ የአሜሪካ አሠራር 52.5 ነው። የእስያዎቹ ብዙ ጊዜ 52.5 ወይም 54 ናቸው። 4 ሚሊሜትር ትንሽ ትመስላለች። ግን ሰፊውን ብሪጅ ጠባብ አንገት ላይ ካደረግከው 1ኛው ክር ከፍሬቱ፣ አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ጠርዝ እየወጣ ይወድቅብሃል።

የጊታሩን ውፍረትም ለካ። ከብሪጁ ሥር የሚንጠለጠል ብሎክ የሚባል ብረት አለ። ጊታርህ ቀጭን ከሆነ ሙሉው ብሎክ በጀርባ በኩል ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የመጀመሪያው ስትራት ብሎኩ ብረት ነበር። በርካሾቹ ላይ የምታገኘው ግን ሳሳ ያለ ዚንክ ነው። ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ እዚህ ላይ አውጣ። ድምፁ ትንሽ ይረዝማል፣ ይጠራልም። ጊታሩ ግን ያው ጊታር ነው።

አዲስ ቀዳዳ መብሳት ካስፈለገ ጊታር የሚጠግን ሰው ፈልግ። ካጣህ እጁ የጸዳ እንጨት ሠሪ ይሁን።

ወርቃማ ቀለም ያለው ብሪጅ ድምፅ ያሳምራል?

አያሳምርም። ቀለም ነው።

ደብረ ብርሃን ቃኝቼ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ጊታሬ ተበላሽቶ አገኘዋለሁ። ብሪጁ ነው አይደል? (የባንድ አባል)

አይደለም። መንገዱ ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስተህ፣ ጣርማበርን አልፈህ፣ 1500 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደህ ሙቀት ውስጥ ትገባለህ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ክሩ ይላላል፣ ድምፁ ዝቅ ይላል። ስትመለስ ደግሞ ይከርና ከፍ ይላል። የአንገቱ እንጨትም ከአየሩ እርጥበት ጋር ይንቀሳቀሳል። እንደደረስክ ጊታሩን ከቦርሳው አውጣና ግማሽ ሰዓት ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። ከዚያ ቃኘው። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ግን በፍጹም አትጫነው።

ፍሎይድ ሮዝ የሚባለውን ክር የሚቆልፍ ብሪጅ ላስገጥም አስቤያለሁ። የምጫወተው ትዝታና አምባሰል ነው። አንዱን ክር ቤንድ ሳደርግ፣ በጣቴ ገፍቼ ድምፁን ሳወጣው፣ ሌላው ቅኝቱን ይለቃል። (ጊታር ተጫዋች፣ መሐል ሜዳ)

ወንድሜ፣ አታስገጥም። ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ለዚህኛው ረዘም ያለ መልስ መስጠት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ የእኛ ሙዚቃ ጉዳይ ነው።

ፍሎይድ ሮዝ ትልቅ ፈጠራ ነው። የፈጠራ መብቱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ክሩን በሁለት በኩል ይቆልፈዋል፤ በአንገቱ ጫፍና በብሪጁ ላይ። ድምፁን የሚያወዛውዘውን የብሪጁን እጀታ እስኪበቃህ ብትጫነው ተመልሶ ቅኝቱ ላይ ይቆማል። ሮክ ለሚጫወት ሰው ይህ ብዙ ነው። የአንተ ችግር ግን ሌላ ነው።

ትዝታ ስትጫወት ምን እንደምታደርግ አስብ። አንዱን ክር ባዶውን ትመታውና ይጮሃል። በጎኑ ባለው ክር ዜማውን ትወስዳለህ። ማሲንቆ እንደሚያለቅሰው ድምፁን ከታች ገፍተህ ታወጣዋለህ። ያ ባዶ ክር መሬቱ ነው። ዜማው የሚረግጠው እሱን ነው። ብሪጅህ በሞላ ላይ የተንሳፈፈ ከሆነ፣ ማለትም የጊታሩ ገላ ላይ ሳያርፍ በክሩና በሞላው ጉተታ መሃል የቆመ ከሆነ፣ አንዱን ክር ስትገፋ ብሪጁ ወደ ፊት ያዘነብላል። የቀሩት ክሮች በሙሉ ይላላሉ። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ መሬቱ ወደ ታች ይሰምጣል። ጆሮህ የሰማው ይህንን ነው፣ ትክክል ነው የሰማኸው። ፍሎይድ ሮዝም በብዛት ተንሳፋፊ ሆኖ ነው የሚገጠመው። መቆለፊያው ከዚህ አያድንህም።

ሌላም አለ። ከተንሳፋፊ ብሪጅ ላይ አንድ ክር ሲበጠስ ሞላዎቹ ያሸንፋሉ። የቀሩት አምስት ክሮች በአንድ ጊዜ ከቅኝት በላይ ይወጣሉ። ይህ ከዓመታት በፊት ጥር ላይ ሰርግ ቤት ደርሶብኛል። ዘፋኙ ግጥሙ መሃል ነበር። ጊታሩን አውርጄ ቆምኩ፤ ሌላ ምንም ማድረግ አይቻልም። ደግሞም ዘፋኝ "ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርግልኝ" ማለቱ አይቀርም። በተቆለፈ ተንሳፋፊ ብሪጅ ያንን በሁለት ዘፈን መሃል አታደርሰውም። ከዚህ ሁሉ በላይ ለፍሎይድ ሮዝ ቦታ ለማግኘት የጊታርህ እንጨት ይቦረቦራል። የተቦረቦረ እንጨት ተመልሶ አይሞላም።

ይልቅ ይህን አድርግ። የጀርባውን ክዳን ፍታ። ክሮቹን ትንሽ አላላ። ሞላዎቹን የያዙትን ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ብሪጁ የጊታሩ ገላ ላይ ተኝቶ እስኪያርፍ ድረስ በካቻቢቴ አጥብቅ። ያሉት ሞላዎች 3 ከሆኑ 5 አድርጋቸው። ከዚያ በብሎኩና ቀበቶው በሚንጠለጠልበት በኩል ባለው ግድግዳ መሃል እንጨት ግጥም አድርገህ አስገባ። በደንብ የደረቀ ወይራ ጥሩ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ አታስገባ፣ ይሸሻል። አሁን ክር ስትገፋ ብሪጁ ንቅንቅ አይልም። ክር ቢበጠስም የቀሩት ቦታቸው ላይ ናቸው።

ብሪጁ ስለወረደ ክሩ ፍሬቱን ይጠጋል። ሳድሎቹን፣ ማለትም ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባቸውን ትናንሽ ብረቶች፣ በብሩጎላ ከፍ አድርግ። ቀጥሎ 12ኛውን ፍሬት ተጫንና ከባዶው ክር ጋር በመቃኛ አወዳድር። 12ኛው ከፍ ካለ ሳድሉን ከአንገቱ አርቀው፤ ዝቅ ካለ አቅርበው። ይህንን በስድስቱም ክር ሥራ፣ አትቸኩል። አምባሰል ላይ ከመጀመሪያው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፣ አንድ ፍሬት። ያቺ ጠባብ እርምጃ ከተዛባች አምባሰሉ አምባሰል አይሆንም።

ገንዘብ ከተረፈህ ጥሩ የብረት ሳድል ግዛ። ናቱ ላይ፣ ማለትም ክሩ በአንገቱ ጫፍ በሚያልፍባት ቦይ ላይ፣ የእርሳስ ብናኝ አድርግ። ቅኝት መልቀቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው።

3ኛው ክር ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ፣ ሳድሉ ጋ ይበጠሳል። አዲስ ብሪጅ ልግዛ? (ሸዋ ሮቢት)

ቆይ፣ አትግዢ። ክሩን አውጪና ሳድሉን በጥጥ ጥረጊው። ጥጡ የሚያዝበት ቦታ ላይ ስለት አለ ማለት ነው። 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 1000 ቁጥር ጠቅልለሽ በክሩ አቅጣጫ አለስልሺው። ሳድሉ ዝጎ ከተበላ ያኔ እሱን ብቻ ቀይሪ።

የሌስ ፖል ዓይነት (የጊብሰን ኩባንያ ሞዴል) ጊታር አለኝ። ብሪጁ መሃሉ ሰርጉዷል። (የሙዚቃ መምህር፣ ደብረ ሲና)

የእርስዎስ በእርግጥ መቀየር አለበት። መሃሉ የሰረጎደ ብሪጅ አይቃናም። ብሪጁን የሚሸከሙትን የሁለቱን ምሰሶዎች ርቀት ይለኩ፤ የተለመደው 74 ሚሊሜትር ነው። የምሰሶውን ውፍረትም አይርሱ። የእስያዎቹ ብዙ ጊዜ 8 ሚሊሜትር ናቸው፤ የድሮዎቹ የጊብሰን ግን ቀጭን ናቸው። አንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም።

ሰርግ ላይ ከንፈሬ ማይክ ሲነካ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። የፕላስቲክ ሳድል ብገዛ ይቀራል? (ዓለም ከተማ)

አይቀርም። እባክህ ይህን ተረጋግተህ አንብብ።

ጊታር ውስጥ ከብሪጁ ወይም ከሞላው ተነስቶ እስከ ኬብሉ የሚሄድ ሽቦ አለ። ክሮችህ በዚያ ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ አካል ጋር ተያይዘዋል። አምፕሊፋየሩ ኤሌክትሪክ እያፈሰሰ ከሆነና ሶኬቱ ኧርዝ ከሌለው ኤሌክትሪኩ ክሩ ላይ ይመጣል። ማይኩ ደግሞ በሌላ መስመር፣ ምናልባትም በሌላ ጄኔሬተር ነው የሚሠራው። እጅህ ክሩ ላይ፣ ከንፈርህ ማይኩ ላይ ሲሆን መንገዱ በደረትህ ያልፋል። 220 ቮልት ነው። ይህ ሰው ይገድላል።

የፕላስቲክ ሳድል ብታደርግም ክሩ ብሎኩን ይነካል። የብሪጁን ሽቦ ቁረጥ የሚልህም አለ። አትቁረጥ። የኬብሉ መሰኪያ አሁንም ብረት ነው።

በዚያ አምፕሊፋየር ዛሬ አትጫወት። መጪው ቅዳሜ ሰርግ ቢኖርህም አትጫወት። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥራ። ሶኬቱን፣ ዲቫይደሩን፣ ጄኔሬተሩንና አምፕሊፋየሩን በቴስተር ይፈትሽ። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያጠፋ የ30 ሚሊአምፔር ብሬከር እንዲያስገባላችሁ ጠይቀው። ድምፅ ማጉያውም አምፕሊፋየሩም ኧርዝ ካለው አንድ ቦታ ይሰኩ። አምፕሊፋየሩን ራስህ አትክፈት፤ ተነቅሎም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ባለሙያ ያልኩት ለይስሙላ አይደለም። ሳይፈተሽ መድረክ ላይ አትውጣ።

ክሩን ስትነካ የሚጠፋ እምምም የሚል ድምፅ ብቻ የሚሰማችሁ ሌሎቻችሁ አትደንግጡ። እሱ የተለመደ ነው።

ለሳድል ብሎን ስንት ቁጥር ብሩጎላ?

የእስያዎቹ ብዙ ጊዜ 1.5 ሚሊሜትር፣ የአሜሪካው ፌንደር 1.27 ነው። ካልገባ አታስገድደው።

አሮጌውን ብሪጅ ልጣለው? (ደብረ ብርሃን)

አትጣይው። ብሎኖቹን፣ ሞላዎቹንና ሳድሎቹን በጣሳ አድርገሽ አስቀምጪ። አንድ ቀን አንዲት ብሎን ስትጠፋብሽ ለእሷ ብለሽ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘሽ አዲስ አበባ አትወርጂም።