የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኦሲ-3 በሰከንድ ስንት ሜጋባይት ነው?

ጥያቄ፦ የድሮ የኔትወርክ ሰነድ ወደ አዲስ ሠንጠረዥ እየገለበጥኩ ነው። መስመሮቹ የተመዘገቡት ኦሲ-3፣ ኦሲ-12፣ ኦሲ-48 እየተባለ ሲሆን፣ ከእኔ የሚፈለገው ግን ሜጋባይት በሰከንድ ነው። ለ8 ባካፍለው ይበቃል?

መልስ፦ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 ማካፈሉ ልክ ነው። ከማካፈልዎ በፊት ግን ቁጥሩን ማጣራት አለብዎት። ኦሲ የሚለው ስም፣ ማለትም የፋይበር መስመር የፍጥነት ደረጃ፣ የሚነግርዎ ያልተጣራውን ነው፤ ማለትም በፋይበሩ የሚያልፈውን ሁሉ፣ መስመሩ ራሱን የሚያስተዳድርበትን ባይት ጨምሮ።

መነሻው ኦሲ-1 ነው፤ በሰከንድ 51.84 ሜጋቢት። ሌላው ሁሉ የዚህ ብዜት በመሆኑ መሸምደድ አያስፈልግም። ኦሲ-3 ሦስት ጊዜ 51.84፣ ማለትም 155.52 ነው። ኦሲ-12 622.08፣ ኦሲ-48 2,488.32፣ ኦሲ-192 ደግሞ 9,953.28 ይሆናል።

ማጣራቱ ፍሬሙን ካዩ ይቀላል። የኦሲ-3 ፍሬም 9 ረድፍና 270 ዓምድ ያለው የባይት ገበታ ሲሆን፣ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይላካል። ይህ 8,000 ከስልክ የተወረሰ ነው፤ ዲጂታል ስልክ ከድምፅ በሰከንድ 8,000 ናሙና ይወስዳል። ስለዚህ በገበታው ላይ ያለች አንዲት የባይት ቦታ 64 ኪሎቢት በሰከንድ፣ አንድ ሙሉ ዓምድ ደግሞ 576 ኪሎቢት በሰከንድ ትይዛለች። ከ270ው ዓምድ 9ኙ ለመስመሩ ማስተዳደሪያ፣ 1ዱ ለመንገዱ መቆጣጠሪያ ይውላል። የቀረው 260 ዓምድ በ0.576 ሲባዛ 149.76 ሜጋቢት ይመጣል። ለ8 ሲካፈል 18.72 ሜጋባይት በሰከንድ ነው። ሳያጣሩ ቢያካፍሉት 19.44 ይሉ ነበር።

አቋራጭም አለ፦ ያልተጣራውን በ26 አባዝተው ለ27 ያካፍሉ። ይህ ለኦሲ-3፣ ለኦሲ-12፣ ለኦሲ-48 እና ለኦሲ-192 ይሠራል። ኦሲ-12 የተጣራው 599.04 ሜጋቢት ወይም 74.88 ሜጋባይት፣ ኦሲ-48 ደግሞ 2,396.16 ሜጋቢት ወይም 299.52 ሜጋባይት ይሆናል።

አቋራጩ የሚሠራው ግን ከቁጥሩ ኋላ ትንሿ «ሲ» ፊደል ካለች ብቻ ነው። ፊደሏ ቻናሎቹ ተጣምረው አንድ ወጥ ቧንቧ ሆነዋል ማለት ናት። ከሌለች ኦሲ-3 ማለት ሦስት የተለያዩ ቻናሎች ሊሆን ይችላል፤ የእያንዳንዱ ጭነት 84 ዓምድ፣ ማለትም 48.384 ሜጋቢት ነው። ያኔ አንድ የፋይል ዝውውር 149.76 ላይ አይደርስም። ሲገለብጡ እባክዎ ይህችን ፊደል አይጣሏት፤ በኋላ ራውተሩን ካልከፈቱ መልሰው አያገኟትም።

ጥያቄ፦ ኤስቲኤም-4 ያለው ኦሲ-4 ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ኦሲ-12 ነው። ኤስቲኤም የኦሲ ዓለም አቀፍ አቻ ስያሜ ነው፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከ155.52 ስለሆነ ቁጥሩን በ3 ያባዙት። ኤስቲኤም-1 ከኦሲ-3፣ ኤስቲኤም-16 ከኦሲ-48፣ ኤስቲኤም-64 ከኦሲ-192 ጋር እኩል ፍጥነት አላቸው።

ጥያቄ፦ ቻናሎቹ በተጣመሩበት ኦሲ-3 መስመራችን ላይ ፋይል ስንልክ ኮምፒውተሩ ከ17.2 ሜጋባይት በላይ አያሳይም። 18.72 መሆን ነበረበት። መስመሩ ተበላሽቷል?

መልስ፦ መስመርዎ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም እስከ አፉ ሞልቷል። እያንዳንዱ 1,500 ባይት ፓኬት 40 ባይት ለአይፒና ለቲሲፒ ራስጌ ይሰጣል። በመስመሩ ላይ ደግሞ በፒፒፒ (ፓኬትን ለመስመሩ የሚያሽግ ደንብ) ሲታሸግ 9 ባይት ያህል ይጨመርበታል። ስለዚህ ከ1,509 ባይት ውስጥ ፋይልዎ 1,460 ብቻ ነው። 18.72 በዚህ ሒሳብ ወደ 18.11 ይወርዳል። ቀጥሎ አንዳንድ ፕሮግራሞች ሜጋባይትን 1,000,000 ሳይሆን 1,048,576 ባይት አድርገው ይቆጥራሉ። 18.11 ለ1.048576 ሲካፈል 17.27 ነው። ያዩት ቁጥር ይኸው ነው።

በመስመሩ ላይ ያለው ኤቲኤም (ዳታን እኩል በሆኑ ትናንሽ ሴሎች ቆራርጦ የሚልክ ዘዴ) ከሆነ ሌላ ቅነሳ ይመጣል። የኤቲኤም ሴል 53 ባይት ሲሆን ጭነቱ 48 ብቻ ነው፤ 149.76 ወደ 135.63 ሜጋቢት ይወርዳል፣ የፓኬቱ ራስጌም ገና አልተቀነሰም።

ያዩት 17 ሳይሆን 1.3 ሜጋባይት ቢሆን ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የቲሲፒ መስኮት (ላኪው መልስ ሳያገኝ ሊልከው የሚችለው መጠን) 65,535 ባይት ላይ ተገድቦ፣ የደርሶ መልስ ጊዜው 50 ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ አንድ ዝውውር ከ10.5 ሜጋቢት በሰከንድ አያልፍም፤ መስመሩ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን። ላኪው መልስ እየጠበቀ ይቆማል። በዚያ ርቀት ኦሲ-3ን ለመሙላት ወደ 936,000 ባይት መስኮት ያስፈልጋል። በሁለቱም ጫፍ የመስኮት ማስፊያው መከፈቱን ያረጋግጡ፤ የአንዱ ጫፍ ብቻ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ኦሲ-3ን በ100 ሜጋቢት ኢተርኔት ብንተካው ልዩነቱ ይታወቃል?

መልስ፦ በደንብ ይታወቃል። የኢተርኔት ስያሜ ለመስመር ኮድ (ቢቶቹን ለመላክ ወደሚመች ምልክት መለወጫ) የሚጨመረውን አይቆጥርም፤ «100» የሚባለው በመስመሩ ላይ በሰከንድ 125 ሚሊዮን ምልክት ይልካል። ከዚያም 1,500 ባይቱ ከነማሸጊያውና ከክፍተቱ 1,538 ባይት ቦታ ይወስዳል፤ ለፋይልዎ የሚደርሰው 94.9 ሜጋቢት ነው። ኦሲ-3 ወደ 144.9 ይሰጥ ነበር። 1 ጊጋቢት ኢተርኔት በአንጻሩ 949 ስለሚሰጥ ኦሲ-12ን ተክቶ ይተርፋል።

ኦሲ-192 ላይ ከመጡ ግን ይጠንቀቁ። ተራው የ10 ጊጋቢት ኢተርኔት ፖርት በ10.3125 ጊጋቢት ነው የሚልከው፤ ኦሲ-192 ደግሞ በ9.95328። ፋይበሩና ብርሃኑ አንድ ዓይነት ቢሆንም ሊንኩ አይነሳም። ለዚህ የተሠራው «ዋን» የሚባለው የፖርት ዓይነት ሲሆን፣ የኢተርኔት ፍጥነቱ 9.294 ጊጋቢት ነው። በሠንጠረዥዎ ላይ 10 ብለው አይጻፉት።